«ሂተር ምን ያደርግልሻል?» ላሉኝ፦ ሁለት ጋራዥ የዞረች መኪናዬ

ጣርማበርን በጉም የነዳ ሰው ይረዳኛል። ደብረ ብርሃንን አልፌ ወደ ዋሻው ስጠጋ የፊት መስታወቴ ከውስጥ በኩል ነጭ ሆነ። ሂተሩን (ማሞቂያውን) ከፈትኩ፣ ባሰበት። በሶፍት ብጠርገው ቅቤ የነካው ይመስል ተለቀለቀ እንጂ አልጠራም። ከኋላዬ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየነዳሁ ደብረ ሲና ገባሁ። እናቴ ቤት ስደርስ ግራ ጆሮዬ የእኔ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። መኪናው ውስጥ ከረሜላ ከረሜላ የሚል ሽታ ነበር። ልጄ የሆነ ነገር ደፍታ ነው ብዬ ተቆጥቻታለሁ (በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ)። ቀጥሎ ጋቢና፣ ከተሳፋሪው እግር ስር ያለው ምንጣፍ ረጠበ። የኤሲ ውሃ ነው ብዬ ተውኩት። ኤሲዬ ጋዝ ከጨረሰ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ስሙ ይቅር። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) መጉደሉን አየ፣ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባል ፈሳሽ ጨመረበትና 1,500 ብር ተቀበለኝ። ለአስር ቀን ያህል ምንጣፉ ደረቀ። ከዚያ ፍሳሹ ተመለሰ፣ ሂተሩም ቀዝቃዛ አየር መንፋት ጀመረ። ስመለስበት «እህቴ፣ አዲስ አበባ ላይ ሂተር ምን ያደርግልሻል? ሁለቱን ቱቦ አገናኝተን እንዝጋው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ያስኬዳል፣ ሞተሩንም አይጎዳም። እኔ ግን በወር ሁለቴ ጣርማበርን እወጣለሁ።

አሁን የምጽፍላችሁ ስለ ሁለተኛው ነው። ሳሪስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ታፔላ የሌለው ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሱ ሞተሩን አስነስተው አሞቁት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ከዚያ ከሞተሩ ኋላ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ተራ በተራ ነኩ። «ነይ ንኪው» አሉኝ። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ለብ ብሏል። ሂተር ማለት ከክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ካለው ዳሽቦርድ) ጀርባ የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ነው። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በአንዱ ቱቦ ገብቶ በሌላው ይወጣል። «ሁለቱም ቢያቃጥሉ ኖሮ ጥፋቱን አየሩን ከሚመራው ክዳን እፈልግ ነበር። ሁለቱም ቢቀዘቅዙ ውሃ ጎድሏል፣ አየር ይዟል ወይም ቴርሞስታቱ ነው። የአንቺ ተደፍኗል» አሉኝ። ያ 1,500 ብር የከፈልኩበት ፈሳሽ ቀዳዳውን ትቶ ቀጫጭን መተላለፊያዎቹን ነበር የደፈነው።

ምንጣፉንም በጣታቸው ነክተው አሹት። አረንጓዴና የሚያሟልጭ፤ ኩላንት ነው። የኤሲ ውሃ አያሟልጭም፣ አይሸትም። መስታወቴን የለቀለቀውም የዚሁ እንፋሎት ነው።

ከዚያ ቁጣቸው መጣ። ኩላንት በጎደለ ቁጥር የቧንቧ ውሃ ስሞላ መኖሬን ነገርኳቸው። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ድንጋይ ይሠራል። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ መኪናዋ ለማፍላት ሰበብ አትፈልግም። ለካ ክዳኔም ላልቷል።

የሂተሩን ራዲያተር ከሠራተኛቸው ጋር ሄደን ከሱማሌ ተራ፣ ከመኪና ዕቃ ገበያው፣ ያገለገለ በ5,500 ብር ገዛን። እዚህ ጋ ነው ልቤን የወሰዱት። ከመግጠማቸው በፊት አንዱን አፍ ደፍነው፣ በሌላው ትንሽ አየር ሰጥተው፣ በሳፋ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ከጥጉ በኩል አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ወስደን አስቀየርን። ሁለተኛው አንዲትም አረፋ አላወጣም። ሳንሞክር ገጥመነው ቢሆን ክሩስኮቱ ሁለቴ ሊፈታ ነበር፣ ዋናው ወጪ ደግሞ እሱ ነው፤ የእጅ ብቻ 9,000 ብር።

አሮጌውን ሲያራግፉት የወጣው ነገር የጠላ አተላ ይመስላል። ከሞተሩ የቀዱትን ኩላንት ወዲያው ከደኑት፤ ግቢው ውስጥ ውሻ አለ። «ይጣፍጠዋል፣ ግን ይገድለዋል» አሉ። አዲስ ኩላንትና ክዳን ሌላ 2,600 ብር ወሰደ። መጨረሻ ላይ አየሩን ለማስወጣት ብዙ ቆዩ። አየር ከቀረ ከክሩስኮቱ ጀርባ ምንጭ የሚወርድ ይመስል ይንቆረቆራል፣ ሂተሩም አይሞቅም።

ቅሬታ አለኝ። በአንድ ቀን ያልቃል ብለውኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ደረሰኝ የለም። መቀመጫው አሮጌ ጎማ ነው፤ ቀሚስ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ።

ባለፈው ቅዳሜ ጣርማበር ላይ ያው ጉም ጠበቀኝ። መስታወቴ ግን ጥርት ብሎ ዋለ፣ ካፖርቴንም አወለቅኩ። ብቻ ኮረኮንች ላይ ክሩስኮቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ስመለስ የሲጋራ መተርኮሻውን ብከፍት ሁለት ብሎኖች አገኘሁ። ደወልኩላቸው። «እነሱን ነበር ስፈልግ የሰነበትኩት፣ ሰኞ ይዘሻቸው ነይ» አሉኝ።