ለእንግዳ ፒዛ ሲታዘዝ፦ አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትናንሽ?

ደሴ ላይ ለምርቃት ወይም ለልደት እንግዳ የጠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው በቁራጭ ነው፤ ለ12 ሰው ለያንዳንዱ 3 ቁራጭ ቢታሰብ 36 ይሆናል፣ ፒዛው ለ8 የሚቆረጥ ከሆነም 5 ይታዘዛል። ይህ ስሌት ግን የቁራጩን መጠን ይዘነጋል። ወርዱ በጥቂቱ ሲጨምር ስፋቱ በብዙ ስለሚጨምር፣ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ፒዛ 1,257 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ሲሸፍን፣ ባለ 28 ሳንቲሜትር ሁለት ፒዛዎች ተደምረው 1,232 ገደማ ብቻ ይሸፍናሉ፤ ደረቁ ጠርዝም በትናንሾቹ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ሁሉም እንግዳ አንድ ዓይነት የሚበላ ከሆነ ትልቁን እመርጣለሁ።

ይሁን እንጂ በከተማችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ይጋበዛል። ሥጋ ያለበት ፒዛ ከታዘዘ እርዱ መለየት አለበት፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ አይብ የሌለበት የጾም ፒዛ የግድ ነው። ትልቁን ግማሹን የጾም፣ ግማሹን የፍስክ አድርጎ ማዘዝ አያዋጣም፤ አይቡ ሲቀልጥ ወሰኑን አልፎ ይፈሳል፣ መቁረጫውም ከወዲያ ወዲህ ያነካካዋል። ለእንዲህ ያለው ግብዣ፣ ስፋቱ ጥቂት ቢያንስም፣ በየሳጥኑ ተለይተው የሚመጡት ትናንሾቹ ይሻላሉ። በሁለቱም ምርጫ ከማዘዝ በፊት የሚጠየቀው፣ «ትልቅ» የተባለው ፒዛ ስንት ሳንቲሜትር እንደሆነ ነው።