በየወሩ ፔኒሲሊን ለሚወጉ ነርሶች እግዜር ይስጥልን

ለልብ ቀዶ ሐኪሞች ምስጋና ሲዘንብ እናያለን፤ ይገባቸዋል። ልጁ ቢላዋ ላይ እንዳይደርስ በየ4 ሳምንቱ የምትወጋው ነርስ ግን የሚያነሳት የለም። ስለዚህ ይህ ምስጋና ለእነሱ ነው፦ የሩማቲክ ልብ ህመም ላለባቸው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን (ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየውን የፔኒሲሊን መርፌ) ለሚሰጡ፣ መዝገብ ይዘው ለቀረው ለሚደውሉ። እጃችሁ ይባረክ!

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ህመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በወቅቱ ካልታከመ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ሊያስከትል ይችላል፤ የሰውነት መከላከያም ዞሮ የልብን በሮች ሊያጠቃ ይችላል፤ የሩማቲክ ልብ ህመም የሚባለው ይህ ነው። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ በር ግን ህመሙ ባገረሸ ቁጥር ይብሳል። መርፌው የተበላሸውን አይጠግንም፣ ማገርሸቱን ነው የሚከላከለው። ምልክት ሳያሳዩ ህመሙ እንዳለባቸው በልብ አልትራሳውንድ በተለዩ 818 የዩጋንዳ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በ2 ዓመት ውስጥ ከተወጉት የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ነበሩ።

ታዲያ ካርዱን ይዞ የመጣን ልጅ «አለርጂ እንፈራለን፣ እኛ ጋ አይወጋም» ብሎ የሚመልስ የሕክምና ቤት አለ። «ደህና አይደለህ እንዴ? ይብቃህ» የሚልም አለ። በቀጭን መርፌ ጀምሮ መሃል ላይ ሲደፈንበት ልጁን ደግሞ የሚወጋም ሞልቷል። ልጁ በቀጣዩ ወር አልሄድም ቢል ይፈረድበታል? ስም አንጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሙያ ያላትን ነርስ እጇን አይታችሁ ትለያላችሁ። መድኃኒቱ ውሃ ቢጨመርበትም እንደ ወተት ሆኖ ይቀራል፣ ቶሎም ይዘቅጣል። ስለዚህ ልጁ ተኝቶ ከተዘጋጀ በኋላ ነው ብልቃጡን አናውጣ የምትቀዳው፤ ቀድሞ ተቀድቶ የተቀመጠ ይደፍናል። መርፌዋ 21 ጌጅ ነው፣ ቶሎ የማይደፈን ወፈር ያለ። አልኮሉ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፣ ቦታውን በጣቷ 10 ሰከንድ ያህል ጫን ታደርጋለች። ወግታ ትንሽ ወደኋላ ስባ ደም አለመኖሩን ታያለች፤ ደም ስር ከገባ ሊገድል ይችላልና። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለች ትገፋለች። ስለ አለርጂ ሳትጠይቅ አትነካውም፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊንም ከአጠገቧ አይጠፋም። ህመሙን የሚቀንሰው ይኸው ቀስታዋ ነው።

እንዲህ ያለ ክትትል ያለበትን ቦታ ፈልጋችሁ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። ስትገቡ መዝገብ አላቸው ወይ፣ ለቀረ ሰው ይደውላሉ ወይ፣ ከተወጋ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ አስቀምጠው ያያሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለትልልቆች የሚሰጠው 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ግማሹ። የማገርሸት አደጋው ከፍ ላለባቸው በየ3 ሳምንቱ ሊሆን ይችላል። የልብ በራቸው ክፉኛ የጠበበ ወይም ልባቸው የደከመ ህሙማን ግን ከመርፌው ይልቅ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊሻላቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ያማክሩ።

እባካችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ልብ ካልተነካ 5 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመት ዕድሜ፣ የበር ጉዳት ከቀረ ደግሞ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ በሁለቱም የሚረዝመው ነው የሚያዘው። ቀጠሮው መንገድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ጥቂት ቀን ቀድሞ መወጋት ይቻላል። ማሳለፍ ግን አይሆንም፤ ከ28ኛው ቀን በኋላ ልጁ ጥበቃ የለውም ብላችሁ ቁጠሩት።