የአባዬ ጉልበት የተመረመረበት ክሊኒክ

አባዬ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ብረት ከገባለት 9 ዓመቱ ነው። አስቸግሮት አያውቅም። ዘንድሮ ግን ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ሌሊት በድንገት ነደደ። የድሮው ስፌት ዙሪያ ቀልቶ አበጠ፣ ነጠላ እንኳ ሲነካው ይጮሃል።

መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ራጅ ብቻ አይተው «ብረቱ ኢንፌክሽን ፈጥሯል፣ ተከፍቶ ይውጣ» አሉን። አባዬ ያን ቀን እራት አልበላም።

ሁለተኛው ክሊኒክ ግን እግዜር ይስጣቸው። ዶክተሯ ጠባሳውን እየዳሰሰች «አባባ፣ የእግርዎ አውራ ጣት አሞዎት ያውቃል?» አለችው። ከሁለት ዓመት በፊት አሞት ነበር፣ እኛ ጫማው ነው ብለን ትተነው እንጂ። የደም ግፊት መድኃኒቱንም አምጡ ብላ አየች፤ አንዱ ክኒን የሚያሸና ነው፣ እሱ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ የሚባል ቆሻሻ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ከጉልበቱ በመርፌ ፈሳሽ ቀዳች። እንደ አጓት የደፈረሰ ነው፣ እኔማ መግል መስሎኝ ክው አልኩ። እሷ በዓይን አይታወቅም ብላ ከፊሉን ለካልቸር (ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ለሚታይበት ምርመራ) ላከች፣ ከፊሉን እዚያው በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ አዩት። እኔንም አሳዩኝ፤ እንደ መርፌ የሾሉ፣ አንዳንዱ ቢጫ አንዳንዱ ሰማያዊ የሚያበራ ክሪስታል።

ሪህ ነው! ዩሪክ አሲዱ መገጣጠሚያው ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ነው።

ለካ ሪህ ከዓመታት በፊት ኦፕራሲዮን የተደረገ መገጣጠሚያ ላይም ይነሳል። መቅላቱና ትኩሳቱ ቁርጥ ኢንፌክሽን ስለሚመስል ያሳስታል፤ አንዳንዴም ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ለዚህ ነው ክሪስታል ተገኘ ተብሎ ካልቸሩ የማይቀረው። የአባዬ የደም ዩሪክ አሲድ የዚያን ዕለት ኖርማል ነበር። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ደሙን ብቻ አይተው ሪህ አይደለም ቢሏችሁ ፈሳሹ ይታይልን በሉ። ብረት ይውጣ ከመባሉ በፊትማ የግድ ጠይቁ።

የሪህን እብጠትና ሕመም የሚያስታግሰውን ኮልቺሲን ጀመረ፣ በአራተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። ካልቸሩም ንጹሕ ሆነ። ቆይቶ ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰው አሎፑሪኖል በ100 ሚሊግራም ተጀመረለት፣ የደሙ ዩሪክ አሲድ ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እስኪወርድ ቀስ እያለ ይጨመራል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የካልቸሩን ውጤት ለመጠየቅ ስንደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። ክሊኒኩ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሊፍቱ አይሠራም፤ አባዬን ከወንድሜ ጋር ተሸክመን ነው ያወጣነው። የጉልበት ሕመምተኛ የሚቀበል ቤት ይህን ቢያስተካክል ምናለ! ለሁለተኛው ቀጠሮ አባዬ ደረጃውን መደገፊያውን ይዞ በራሱ እግር ወጣ።