የ50 ሜትር ሳጥን፣ የ45 ሴንቲሜትር ክር፦ ኦራል-ቢ ኢሴንሻል ፍሎስ ሲገመገም

የጥርስ ክር ገዝቶ በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ የጣለ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቁት ወይ «አደማኝ» ይላል፣ ወይ «አልገባልኝም»። ሁለቱም ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከአያያዙ ነው። የክሩ ዓይነት ግን ምንም ለውጥ የለውም ማለት አይደለም። እዚህ የምንገመግመው ባለ 50 ሜትሩን፣ ሰም የተቀባውንና የናና ጣዕም ያለውን ኦራል-ቢ ኢሴንሻል ፍሎስ ነው፤ ተፎካካሪዎቹንም በየቦታቸው እናነሳለን። ውጤቱን አስቀድመን እንናገር፦ ጥርሱ ተጠጋግቶ ለበቀለና ድዱ ገና ላልሸሸ (ከጥርሱ ወደ ሥሩ ላልተመለሰ) ሰው ከአምስት አራት እንሰጠዋለን። ድዱ ለሸሸ ሰው ግን የተሳሳተ ዕቃ ነው።

ክሩ ናይለን ነው። ሲታይ አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ብዙ ቀጫጭን ድሮች አንድ ላይ ሆነው የተሠራ ነው። «ድር ቢያብር» የሚባለው እዚህ በተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው፦ ክሩ ጥርስ ላይ ሲጫን ድሮቹ በተን ብለው ጠፍጠፍ ይሉና ሰፋ አድርገው ይጠርጋሉ። ሰሙ ደግሞ በጠባብ ቦታ እንዲንሸራተትና ቶሎ እንዳይተረተር ይረዳዋል። ሰም የሌለው ክር ትንሽ ይቀጥናል፤ ሙሌት ያለበት ጥርስ ጋ ሲደርስ ግን ቶሎ ይበጣጠሳል። ቆሻሻ በማንሳት በኩል በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት ስለሌለ፣ ጀማሪ ባለ ሰሙን ቢወስድ ይሻለዋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃው 45 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከጣት ጫፍ እስከ ክንድ መታጠፊያ፣ ማለትም አንድ ክንድ ማለት ነው። ቁጥሩ ለብዙዎች የተጋነነ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት አራቱ መንጋጋዎች ሳይቆጠሩ 28 ጥርስ ያለው ሰው 26 መካከሎች አሉት። ለእያንዳንዱ መካከል 1.5 ሴንቲሜትር ንጹሕ ክር ቢደርሰው 39 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የቀረው ጣት ላይ መጠቅለያ ነው። በ20 ሴንቲሜትር ክር መላውን አፍ ማዳረስ ማለት ከአንዱ መካከል ያወጡትን ቆሻሻ ሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። በዚህ ሒሳብ ሳጥኑ በቀን አንድ ጊዜ ለሚጠቀም ሰው 111 ቀን ይበቃዋል። አንድ ሳጥን ዓመት ከቆየ ወይ ክሩ እያጠረ ነው የሚቆረጠው፣ ወይ ቀኑ እየተዘለለ ነው።

የሳጥኑ ትንሿ ብረት ጥሩ ትቆርጣለች፤ ክሩን ከብረቷ ሥር አስገብቶ ወደ ጎን መሳብ ነው። ወደ ላይ ከተሳበ ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ሳጥኑን ከፍቶ ጫፉን በቀዳዳው እንደገና ማሾለክ የግድ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። አብዛኛው ክር በአንድ እጅ መሃል ጣት ላይ ይጠቀለላል፤ በሌላኛው እጅ መሃል ጣት ላይ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ይበቃል። አንዱ ጣት ንጹሑን ይለቃል፣ ሌላኛው የቆሸሸውን ይሰበስባል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክሩን ወጥረው ይይዛሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ ከረዘመ ክሩ ይላላል፣ ጉንጭንም ይጎትታል። ለላይ ጥርስ አውራ ጣቶች፣ ለታች ጥርስ ሌባ ጣቶች ቢመሩት ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥርሶቹ የሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ክሩ አልገባ ሲል ይጫኑትና ድንገት ተወርውሮ ድዱን ይቆርጠዋል። መፍትሔው ግፊት አይደለም፤ እንደ መጋዝ በአጫጭሩ ወዲያና ወዲህ እያሉ ቀስ በቀስ ማውረድ ነው። ጠባቡን ካለፈ በኋላ ግን መጋዙ ይቆማል። ክሩ በአንደኛው ጥርስ ጎን ላይ ይጠመጠምና ጥርሱን ግማሽ ክብ አድርጎ ያቅፈዋል። እንደታቀፈ ወደ ድዱ ሥር፣ ትንሽ መታገድ እስኪሰማ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ ይጠረጋል። ሳይወጣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ባለችው የድድ ጫፍ ላይ ዘሎ ጎረቤቱን ጥርስ ያቅፍና ያው ይደገማል። በአንድ መካከል ሁለት ግድግዳ አለ፤ ክሩን አስገብቶ ወዲያው የሚያወጣ ሰው ምግብ አወጣ እንጂ ግድግዳውን አልነካውም። የመጨረሻው መንጋጋ ጀርባም አይረሳ፤ ጎረቤት ባይኖረውም ብሩሽ በደንብ አይደርስበትም።

ክሩን ሳይጠመጥሙ ቀጥ አድርጎ ድድ ላይ መጋዝ የሚያመጣው ጉዳት ስም አለው፤ ባለሙያዎች የፍሎስ ስንጥቅ ይሉታል። በድዱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። አዲስ ከሆነ ለተወሰኑ ቀናት እዚያ ቦታ ላይ ክር ማቆም ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ለወራት ከተደጋገመ ግን ስንጥቁ ሊቀር ይችላል።

ለድድ የሚሰጠውን ጥቅም ለመረዳት ስለ ፕላክ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕላክ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ የባክቴሪያ ሽፋን ነው፤ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ አያነሳውም፣ መጠረግ አለበት። በ1965 የታተመ ታዋቂ የዴንማርክ ጥናት ጤናማ ድድ የነበራቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ፤ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሁሉም የድድ ብግነት ያዛቸው። ማጽዳት ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ተመለሰ። ሳይጠረግ የቆየ ፕላክ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ ይጠነክርና ታርታር ይሆናል። ታርታርን ክር አያነሳውም፤ ስኬሊንግ፣ ማለትም ታርታር በመሣሪያ ፍቆ የማንሳት ሥራ፣ የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

«አደማኝ» ለሚለው ቅሬታም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ጤናማ ድድ በትክክል በታቀፈ ክር አይደማም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ደም ብዙውን ጊዜ የቆየ ብግነት ምልክት ነው፤ በየቀኑ ከቀጠሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት እየቀነሰ ይቆማል። ደም አይቶ ማቆም ያበጠውን ድድ ለፕላኩ መተው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚደማ ከሆነ፣ በተለይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ታርታር ወይም ጥልቅ ኪስ (ድዱ ከጥርሱ ተላቆ የሚፈጠር ክፍተት) ሊኖር ስለሚችል መታየት ይገባዋል። ነፍሰ ጡሮች በሆርሞን ለውጥ የተነሳ ድዳቸው ቶሎ ያብጣል። አጫሾች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ የታመመ ድዳቸው ላይደማ ይችላል፤ ስለዚህ «አልደማም» ብለው መተማመን የለባቸውም።

ክር የማይደርስበት ቦታም አለ። በጤናማ አፍ ውስጥ በጥርስና በድድ መካከል ያለው ስርጉድ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ይጠልቃል፤ ክሩም የሚወርደው እዚያው ድረስ ነው። ኪሱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ሥሩ ያለው ባክቴሪያ አይነካም።

«ፍሎስ ጥቅም እንደሌለው ተረጋገጠ» የሚለው ወሬ የተነሳው በ2016 ነው፤ አሶሺዬትድ ፕሬስ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ከዘገበ በኋላ። የማስረጃ መድከምና የጥቅም አለመኖር ግን ለየቅል ናቸው። በ2019 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 3,929 አዋቂዎች የተሳተፉባቸውን 35 ሙከራዎች አይቶ፣ ከብሩሽ ጋር ክር መጨመር የድድ ብግነትን ሊቀንስ እንደሚችል፣ የማስረጃው እርግጠኝነት ግን ዝቅተኛ እንደሆነ ጽፏል። ለእኛ ይበልጥ የሚናገረው ስለ ጥርስ መቦርቦር በ2006 የታተመው ግምገማ ነው። ባለሙያ በትምህርት ቀናት ሁሉ ለ1.7 ዓመት የልጆችን ጥርስ በክር ሲያጸዳ የመቦርቦር አደጋው በ40 በመቶ ቀነሰ። ወጣቶች ለራሳቸው ለሁለት ዓመት ሲያደርጉት ግን ልዩነት አልታየም። ክር ያው ክር ነው፤ የእጁና የአዘውታሪነቱ ነገር ግን ሰፊ ልዩነት አለው።

ወደ ተፎካካሪዎቹ እንሂድ። ባለ እጀታው ፍሎስ፣ በፕላስቲክ ቀስት ላይ አጭር ክር የተወጠረበት፣ ለመያዝ ይቀላል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም የልጅ ጥርስ ለሚያጸዳ ወላጅ እንመክረዋለን። ሆኖም ክሩ ወጥሮ ስለተያዘ ጥርስን ማቀፍ አይችልም፤ የግድ እጀታውን ወደ እያንዳንዱ ጥርስ ጎን መጫን ያስፈልጋል። ለ26 መካከል ያው አንድ ክር ነው፤ ቢያንስ በየመካከሉ በውኃ ይለቅለቅ። በሌላኛው ጫፍ ያለችው ሹል ድድ መውጊያ ባትሆን ጥሩ ነው።

የቴፍሎን ክር በጠባብ ቦታ ከናይለኑ ይበልጥ ይንሸራተታል፣ አይተረተርም። ኢሴንሻል ፈጽሞ ያልገባለት ሰው ይሞክረው። ብሪጅ (በጎደለ ጥርስ ቦታ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የተያያዘ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም ብሬስ (ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ያለው ደግሞ ሱፐር ፍሎስ ይግዛ፤ ተቆርጦ የመጣው እያንዳንዱ ክር ከብሪጁ ሥር የሚሾልክ ጠንካራ ጫፍ፣ እንደ ስፖንጅ የሚነፋ መሃልና ተራ ክር አለው።

ድዱ ሸሽቶ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት የታየበት ሰው ክሩን ትቶ የመካከል ብሩሽ መግዛት አለበት። የመንጋጋ ጎን ሥሩ አካባቢ ስርጉድ አለው፤ የተወጠረ ክር ከስርጉዱ በላይ ያልፋል፣ የብሩሹ ፀጉር ግን ይገባበታል። የስዊድኑ ቴፔ መጠኖቹን በቀለም ይለያል፦ ሮዝ 0.4 ሚሊሜትር፣ ብርቱካናማ 0.45፣ ቀይ 0.5፣ ሰማያዊ 0.6፣ ቢጫ 0.7፣ አረንጓዴ 0.8። ሽቦው ግድግዳውን ሳይነካ ፀጉሩ ትንሽ ተጨናንቆ የሚገባው ትክክለኛው መጠን ነው፤ ለአንድ አፍ ሁለት ቀለም ማስፈለጉም የተለመደ ነው። ተገፍቶ የሚገባ ብሩሽ ሽቦው ይታጠፋል፣ ድዱንም ይጎዳል። ውኃ የሚረጨው መሣሪያ ለብሬስና ለተተከለ ጥርስ ጥሩ ረዳት ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ኤሌክትሪክና ንጹሕ ውኃም ይፈልጋል።

ከጥሬ ሥጋ ወይም ከጥብስ በኋላ የሚቀርበው ስቴኪኒ የተሰነቀረ ጅማት ያወጣል፤ ፕላክን ግን አይጠርግም፣ በየቀኑ አንዱ ቦታ ላይ ከተሰካም የድዷን ጫፍ ያሳጥራታል። መፋቂያ የጥርስን ፊት በደንብ ያጸዳል፣ መካከሉ ውስጥ ግን አይገባም፤ ስለዚህ መፋቂያ ተጠቃሚም ክር ያስፈልገዋል። የልብስ ስፌት ክር ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ድድ ይቆርጣል፤ ተበጥሶ ከተቀረቀረም ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው።

ክሩ ከብሩሽ በፊት ይሁን በኋላ ለሚለው፣ ከብሩሽ በፊት ቢሆን እንመርጣለን፤ መካከሉ ከተጠረገ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ይገባበታል። ጠዋት ይሁን ማታ ግን ለውጥ የለውም፤ ማታ ጊዜ ስላለ ይመቻል።

ኢሴንሻል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚተረተር ከሆነ አምራቹን አይውቀሱ። እዚያ ቦታ የሙሌት ጠርዝ ወጥቶ፣ ታርታር ኖሮ ወይም ጥርሱ መቦርቦር ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በኃይል አይሳቡት፤ አንዱን ጫፍ ከጣት ፈትተው ክሩን ወደ ጎን ያውጡት። ጊዜያዊ ክራውን (ጥርስን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ያለበት ጥርስ ላይም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ ከተሳበ ክራውኑን ይዞት ይመጣል። ለጥርስ ሐኪሙ «ከላይ በቀኝ፣ ከክራንቻው በኋላ ሁለተኛው መካከል ላይ ክሩ ይተረተራል» ብለው ከነገሩት፣ ራጅ ሲያነሳ የቱን ቦታ እንደሚያይ ያውቃል።