ለቤተሰብ አማካሪያችን ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ (ሲኤምሲ አካባቢ)

ብዙ ሰው ጥሩ የትዳር አማካሪ ጠቁሚኝ እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል፣ በዛውም ሴትዮዋን ላመስግናት። እኔና ባለቤቴ የምንሄድባት ሳይኮሎጂስት ቢሮዋ ሲኤምሲ ነው፣ ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ለምትፈልጉ በኢንቦክስ እሰጣለሁ።

እኛ አገር ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ይጠራል ወይ ንስሐ አባት ጋ ይኬዳል፣ እኔም በሽማግሌ ክፉ ቃል የለኝም፣ አስታርቀውናል። ግን ሽማግሌ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፣ ጥፋተኛው ይለያል፣ ይቅር ተባባሉ ይባላል፣ ቡና ተጠጥቶ ይኬዳል፣ ብዙም ሳይቆይ በዛው ጉዳይ ትጣላላችሁ። እሷ ጋ ስንሄድም ባለቤቴ ክሱን አዘጋጅቶ እኔም የኔን (ስልኬ ላይ ሁሉ ጽፌው ነበር ሃሃ) ይዘን ነበር፣ እሷ ግን ማን ነው ያጠፋው የሚለውን ጭራሽ አልነካችውም። "እስቲ ባለፈው ስትጣሉ የመጀመሪያዋን ቃል ማን ተናገራት፣ እንዴት አድርጎ?" ነው ያለችው።

ለካ ዝም ብላ አይደለም የጠየቀችው። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት አለ፣ ከባልደረባው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር ባልና ሚስት ሲከራከሩ እየቀረጸ የልብ ምታቸውን ሳይቀር እየለካ ለዓመታት ያጠና ሰው ነው፣ በወቀሳ የተጀመረ ወሬ ብዙ ጊዜ በዛው ያልቃል ይላል። ትዳር የሚበሉ ያላቸው 4 ነገሮች ደግሞ ድርጊቱን ትቶ ሰውየውን መውቀስ፣ ንቀት፣ እኔ ምን አደረኩ እያሉ መከላከል፣ እና ዘግቶ ዝም ማለት ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ንቀት ነው። እኛ ቤት አግቦና ሽሙጥ እንደ ጨዋታ ነበር የሚቆጠረው እናንተዬ!

አራተኛው ያው ኩርፊያ ነው፣ እሱ ላይ ነው በጣም የረዳችን። ሰው ሲናደድ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ መምታት ከጀመረ የሚባለውን መስማት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያዩ አለችን። ታዲያ ይሄ ከኩርፊያ በምን ይለያል አልኳት፣ ኩርፊያ ማለቂያው አይታወቅም ይሄኛው ቀጠሮ አለው አለች፣ ማለትም "ደሜ ፈልቷል፣ ከእራት በኋላ እናውራው" ብሎ ነው የሚወጣው፣ ወጥቶም ጸቡን በሆዱ እያብሰለሰለ ሳይሆን ሌላ ነገር እየሰራ። ባለቤቴ መኪና ማጠብ ጀመረ፣ አሁን በሰፈሩ እንደኛ የጸዳ ቪትዝ የለም።

ሌላው ቅልል ያለኝ፣ ጎትማን ከባልና ሚስት ጸብ 69 በመቶው ተፈትቶ የሚያልቅ አይደለም፣ እየተመላለሰ የሚመጣ ነው ማለቱ ነው። የኛ ጸብ ባለቤቴ ለእናቱ የሚልከው ብር ነው። አልፈታነውም፣ አሁንም አልስማማም፣ ግን እየተሳሳቅን እናወራበታለን። በጭቅጭቅ መሀል እንኳን ለ1 ክፉ ቃል 5 ደግ የምትለዋን ግን ተውኳት፣ ሂሳብ እየሰራሁ ልኑር እንዴ?

ለልጃችንም ጠቅሞታል፣ ሲያለቅስ ወንድ ልጅ አያለቅስም ከማለት "ተናደድክ አይደል" ማለቱ ቶሎ ያበርደዋል።

ለምትሄዱ፦ በቀጠሮ ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ቶሎ ይሞላል፣ ክፍያው ቀላል አይደለም ግን በስልክ ቀድማ ትነግራችኋለች። ውጭ ላላችሁ በቪዲዮ ታናግራለች። ሳይኮሎጂስት መድሃኒት አያዝም፣ እንቅልፍ ያጣ ወይ ሁሉ ነገር ያስጠላው ሰው ካለ ወደ ሳይካትሪስት ትልካለች፣ እሱን ስትሰሙ ደግሞ አማኑኤል ሊያስገቡኝ ነው ብላችሁ እንዳትሮጡ። ዱላ ያለበት ቤት ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጥም፣ ለየብቻ ነው የምታነጋግረው፣ ስትደውሉ ቀድማችሁ ንገሯት። ፓርኪንግ የለም፣ ራይድ ይዛችሁ ሂዱ።