ነጭ ዲኤክስ እና የመንገድ ሬንጅ

ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ነጭ ዲኤክስ ናት። ነጭ መኪና ደግሞ ምንም አይደብቅም። መንገዱ ሲጠገን ገና ያልደረቀ ሬንጅ ላይ ነዳሁና የኋላው ፓራፋንጎና የበሮቹ ታች ኑግ የተበተነበት መሰለ።

መጀመሪያ ደሴ አንድ ላቫጆ ገባሁ። ስሙን ልተወው። ልጁ በኦሞ አሸ፣ አሸ፣ ወይ ፍንክች። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ በምላጭ ሲፍቅ ደረስኩ። ለቆ ነበር፤ ከነቀለሙ። ጭራሽ «ቲነር ላምጣ?» አለኝ። በጋራዥ በተቀባ ቀለም ላይ ቲነር! ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ ያገኘሁት ላቫጆ ለዓይን አይሞላም። አንድ በርሜል፣ አንድ ፓምፕ፣ የሸራ ጥላ። መቀመጫ እንኳ የለውም። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «አብሽር ጋሼ፣ ይለቃል» አለኝ።

መጀመሪያ አሸዋውን በውሃ አወረደ፤ አለዚያ ጨርቁ ራሱ ይጭራል። ከዚያ ጥላ ስር አስገብቶ ቆርቆሮው እስኪበርድ ጠበቀ። የኮምቦልቻን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ለስላሳ ጨርቅ ናፍጣ አስነክቶ በሩ ታች፣ ከማይታይበት ቦታ ሞከረ። ጨርቁን ገልብጦ አየው። ነጭ ቀለም አልያዘም። ያን ጊዜ ነው ልቤ የረጋው።

አላሸም። ጨርቁን ሬንጁ ላይ ለጥፎ ተወው። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከእያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ ቡኒ ነገር እንደ ቡና አተላ ወደ ታች ይንጠባጠብ ጀመር። በቀስታ ጠረግ ያደርጋል፣ ጨርቁን ወደ ንጹሕ ጎኑ ይገለብጣል፣ እንደገና ይለጥፋል። የበሩን ጎማ የነካውን ናፍጣ ወዲያው ይጠርጋል፤ ጎማ ያበላሻላ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠበ። ናፍጣ ከቀረ አቧራ ይጠራል።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ 300 ብር ከፈልኩ። አልተቆጨሁም። ሰም ግን አይቀቡም፤ ናፍጣው የድሮውን ስለሚያነሳው ማታ ቤቴ ራሴ ቀባሁ። ሽታውም ሁለት ቀን አልለቀቀኝም። ያልወደድኩት ደግሞ እጣቢው በቀጥታ ቦዩ ውስጥ መግባቱ ነው። የታች ሰው በዚያ ውሃ አትክልት ያጠጣል።

ልወጣ ስል የምላጩን ጭረት አሳየሁት። በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄስ ሬንጅ አይደለም ጋሼ» አለኝ። «ቀለም ቀቢ ጋ ይውሰዱት።»