የፖስ ማሽን ለትንሽ ሱቅ ያዋጣል?

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ከተማችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገደኛ ብርዱ ሲጠናበት ወርዶ ይገዛል፤ ጥሬ ብር ግን ብዙው አይዝም። ለዚህ ስል ከባንክ የፖስ ማሽን፣ ማለትም ደንበኛው በባንክ ካርዱ የሚከፍልበትን ማሽን፣ ወሰድኩ።

ጥሩ ጎን አለው። ባንኮቹን ኢትስዊች የሚባለው ድርጅት ስላገናኛቸው የሌላ ባንክ ካርድም ይሠራል። ደረሰኙ ወዲያው ይወጣል፣ የማታ ሒሳብ መዝጋትም ቀሎኛል።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። ማሽኑ የሚሠራው በሲም ካርድ ነው። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ደንበኛው ካርዱን ይዞ ይቆማል፣ ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። አንዴ ከገዢው ሒሳብ ብር ተቆርጦ ወደ እኔ ሳይገባ ቀረ። ቅርንጫፉ "ይመለሳል፣ ጠብቁ" ብቻ ነው መልሱ። መምጣቱስ መጣ፣ እኔን ካመላለሱ በኋላ። እዚህ ላይ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ።

የአገሬው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ በስልኩ መክፈል ለምዷል። ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ገበሬ ካርድ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ኪውአር ኮዱንም ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ስክሪንሾት ግን አልቀበልም! መልእክቱ በራሴ ስልክ ካልገባ ጋቢው ከመደርደሪያ አይወርድም።

ማሽን ለመውሰድ ካሰባችሁ ስለ ኮሚሽኑ ብቻ አትጠይቁ። ብሩ መቼ ሒሳባችሁ እንደሚገባና ማሽኑ ሲበላሽ ማን መጥቶ እንደሚያይላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ።